አጎትሽ ተጫራች ናቸው

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ትሠሪያለሽ፤ አሁን የግዥ ባለሙያ ሆነሽ እንድትዛወሪ ተጠይቀሻል። እናትሽ «ግዥ ክፍል የገባ ሰው ወይ ሌባ ይባላል ወይ ይታሰራል» እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። የቢሮ ዕቃ አስመጪ የሆኑት አጎትሽ ደግሞ ደስ ብሏቸው «ጨረታ ሊወጣ ሲል ደወል ብታደርጊልን ይበቃናል» ብለውሻል። የባንክ ፈተና ማለፍሽን፣ ማስተርስ ማሰብሽን፣ እንግሊዝኛሽ እንደሚያሳስብሽም ነግረሽኛል። የእናትሽን ፍርሃት ገጽ ሙሉ ጽፈሽ አጎትሽን በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፈሻቸዋል። መልስ ለመጻፍ የተቀመጥኩት ግን በእነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ምክንያት ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ቤት ውስጥ የአንቺን ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው ካለና ባንኩ የተሻለ የሚከፍልሽ ከሆነ፣ ሂጂ፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም። እኔ ራሴ ሥራ የጀመርኩት በግዥ ክፍል ስለሆነ ሚዛኔ ወደዚያ ማድላቱን እያወቅሽ አንብቢኝ። አንድን ግዥ ከዕቅድ እስከ ርክክብ በራሱ እጅ ያስኬደ ሰው የዕርዳታ ድርጅቱም፣ ፋብሪካውም፣ ኮንትራክተሩም ይፈልገዋል ብዬ አምናለሁ። ማስተርሱ ትንሽ ይቆይ፤ ሥራውን ካየሽው በኋላ የምትማሪው ይገባሻል። እንግሊዝኛውን መደበኛውን የጨረታ ሰነድ በማንበብ ታሻሽዪዋለሽ፤ አንድ ዓይነት አንቀጽ ስለሚደጋገም ቶሎ ትለምጂዋለሽ።

የእናትሽ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በግዥ ምክንያት የተከሰሰ ሰው የማያውቅ ሠፈር የለም። ንጹሕ ሰውም ተጠርቶ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ የሚመልስለት ፋይሉ ነው። ስለዚህ «አትፍሪ» አልልሽም። ምን መፍራት እንዳለብሽ ግን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ጨረታ የሚበላሸው ፖስታ ሲከፈት ይመስለዋል። ፖስታ ሲከፈት እኮ ተጫራቹ ሁሉ ተቀምጦ ያያል። የሚበላሸው ከዚያ በፊት፣ ማንም በማያይበት ሰዓት፣ ስፔስፊኬሽን (የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር መግለጫ) ሲጻፍ ነው። ፎቶ ኮፒ ማሽን ይገዛልን ብሎ አንድ የሥራ ክፍል የላከው ወረቀት ጠረጴዛሽ ላይ ይመጣል እንበል። ፍጥነቱ፣ የትሪው ብዛት፣ የማሽኑ ክብደት እስከ ግራሙ፣ ቁመቱ እስከ ሚሊ ሜትሩ ተጽፏል። የብራንድ ስም የለበትም፤ ከአንድ ብራንድ ካታሎግ ግን ቃል በቃል ተገልብጧል። ሕጉ ስፔስፊኬሽን የንግድ ምልክት እንዳይጠቅስ፣ ያለዚያ መግለጽ ካልተቻለም «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል እንዲጨመርበት ያዛል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ስታዪ የአንቺ ሥራ መጮህ አይደለም። «የማሽኑ ክብደት ለሥራው የሚያስፈልግበት ምክንያት ይገለጽልን» ብለሽ በማስታወሻ መመለስ ነው። መልስ ቢመጣም ባይመጣም ጥያቄሽ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው የሚያስፈራ ቦታ የመገምገሚያ መስፈርቱ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ ያልተጻፈ መስፈርት በግምገማ ላይ ሊፈጠር አይችልም፤ የተጻፈውም ሊዘለል አይችልም። ኮሚቴው ውስጥ «ይሄ ድርጅት እኮ ልምድ አለው» የሚል ሰው አይጠፋም። ልምድ በሰነዱ ካልተጠየቀ ነጥብ አያገኝም፤ አለቀ። ሦስተኛው ግዥን መከፋፈል ነው። በአንድ ጨረታ መገዛት ያለበትን በየወሩ ቆራርጦ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከጥቂት አቅራቢዎች ዋጋ ብቻ ጠይቆ፣ መግዛት በቢሮ ቋንቋ «ማቀላጠፍ» ይባላል፤ ኦዲተር ሲመጣ ግን ስሙ ሌላ ነው።

የመክፈቻውን ቀንም ልንገርሽ፤ መጀመሪያ የሚፈትንሽ እሱ ስለሚሆን። ጨረታው ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ተዘግቶ 4፡30 ይከፈታል ተብሎ በጋዜጣ ወጥቷል። ሳጥኑ ታሽጓል። 4፡05 ላይ ላቡ የሚንጠባጠብ ሰው ፖስታ ይዞ ይገባል፤ መንገድ ተዘግቶበት ነው። ያሳዝንሻል፣ ፖስታውን ግን አትቀበዪም። ከዚያ ፖስታዎቹ ይከፈታሉ፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ተጫራች የጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) አላስገባም። «ከሰዓት አመጣዋለሁ» ይላል፤ ሰብሳቢውም ዋጋው ስላማረው ወደ አንቺ ይመለከታል። ዋጋው ጮክ ብሎ ይነበባል፣ ማስከበሪያ አለመኖሩም ጮክ ብሎ ይነበባል፣ ሁለቱም ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራሉ፤ ሰነዱ ማስከበሪያ ግዴታ ነው ካለ ከግምገማ ይወጣል። ቃለ ጉባኤውን እዚያው ጽፈሽ፣ የኮሚቴው አባላት ሳይበተኑ አስፈርሚ። «ነገ አጽፈን እንፈርማለን» ከተባለ ነገ የሚጻፈው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ግምገማ ላይ የስሌት ስህተት ሲያጋጥምሽ መርሁ አጭር ነው፦ የአንዱ ዕቃ ዋጋና ድምሩ ካልተስማሙ የአንዱ ዕቃ ዋጋ ይወሰዳል፤ በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ከተለያየ በፊደል የተጻፈው ይጸናል። ለተሸነፈው ተጫራች ውጤቱ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ የቅሬታ ጊዜው ሳያልፍ ውል አይፈረምም። ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የቆየው የፌዴራል መንግሥት የግዥ አዋጅ 649/2001 በአዋጅ 1333/2016 ተተክቷል። አዲሱን ከነመመሪያው ራስሽ አንብቢው፤ የቀኑንም የገንዘብ ጣሪያውንም ቁጥር ከባልደረባ አፍ አትውሰጂ። መሥሪያ ቤትሽ ወደ ኤሌክትሮኒክ ግዥ ከገባ ደግሞ ደስ ይበልሽ፦ ማን መቼ ምን እንዳስገባ ሥርዓቱ ራሱ ይመዘግባል።

አሁን ወደ አጎትሽ። «ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የኪስ ገንዘቤን የሚልኩልኝ እሳቸው ነበሩ» ብለሻል። ውለታ ነው፤ አልክድም። ከደመወዝሽ መልሺ፣ ልጆቻቸውን አስጠኚ፣ ሲታመሙ አስታሚያቸው። የመንግሥትን ጨረታ መረጃ ግን በውለታ መክፈያነት ልትሰጫቸው አትችይም፤ የአንቺ አይደለማ። እሳቸው «ደወል ብቻ» የሚሉት ነገር ለሌላው ተጫራች ምን እንደሆነ አስቢው፦ ሱቁን አስይዞ ሲፒኦ ያሠራ፣ ሰነድ የገዛ፣ ሌሊቱን ዋጋ ሲያሰላ ያደረ ሰው ገና ሳይገባ ተሸንፏል። ሕጉም ቢሆን አንቺ አምስት ሳንቲም አለመቀበልሽን ብቻ አይቶ አያልፍም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 በሥልጣን አላግባብ ለራስ የማይገባ ጥቅም ማግኘትን ብቻ ሳይሆን ለሌላ ሰው ማስገኘትንም ይቀጣል። እናትሽ የሚፈሩት እስር ቢመጣ፣ በእኔ እምነት፣ በግዥ ክፍሉ በር ሳይሆን በዚያች ስልክ በኩል ነው የሚመጣው። ይህን ለእናትሽም ንገሪያቸው፤ አጎትሽ ወንድማቸው ናቸውና ከአንቺ ይልቅ እናትሽ ቢነግሯቸው ይሰማሉ።

አጎትሽ መሥሪያ ቤትሽ ላይ እንዳይጫረቱ የምትከለክይበት መብት የለሽም። ከተጫረቱ ግን አንቺ በዚያ ግዥ ውስጥ ሰነድ አታዘጋጂም፣ አትገመግሚም፣ ማብራሪያ አትሰጪም። ቁጭ ብለሽ፣ ሥራውን ከመያዝሽ በፊት፣ በአክብሮት ንገሪያቸው፦ «ጋሼ፣ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ እንደማንም ሰው ሰነድ ይግዙ፤ ከዚያ በፊት እኔን አይጠይቁኝ፤ ከገቡበት እኔ እወጣለሁ።» ይቀየሙሽ ይሆናል። ቅያሜያቸው በሽማግሌ ይፈታል፤ ክስ ግን አይፈታም። እንዲህ ብለሽ መናገር የማትችይ ከመሰለሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝውውሩን አትቀበዪ፤ ባንኩ ይሻልሻል።

መናገር የምትችይ ከሆነ ግን ግቢ። ከመግባትሽ በፊት የክፍሉን ኃላፊ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የግዥ ዕቅድ በዓመቱ መጀመሪያ ይጸድቃል ወይስ ግዥው ካለቀ በኋላ ይሞላል? በቃል የሚመጣ ትእዛዝ ሲኖር በጽሑፍ ይረጋገጣል? ፊታቸው ከቃላቸው በፊት ይመልስልሻል። እንደ ተመደብሽ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ የአጎትሽን ድርጅት ስምና ዝምድናችሁን ጠቅሰሽ፣ ከዚያ ድርጅት ጋር በተያያዘ ማንኛውም ግዥ ውስጥ እንደማትሳተፊ ለኃላፊሽ ደብዳቤ ጻፊ። በእጅ ሰጥተሽ እንዳትመለሺ፤ ሪከርድ ክፍል ገቢ አድርገሽ ቁጥር አሰጪውና የራስሽን ቅጂ አስቀርተሽ ውጪ።