ቁጣን መለካትና ድብድብን መቁጠር ለየቅል ነው

እህቴ፣ «ለመመረቂያ ጥናቴ የወጣቶችን የጥቃት ባህሪ ልለካ ነው፣ የበስና የፔሪ መጠይቅ ብቻውን ይበቃኛል?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። እኔም እዚሁ ጋ ነው የወደቅኩት።

አይበቃም። መጠይቁ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ፣ 29 ጥያቄ ያለው፣ በብዙ አገር የተሞከረ ነው። ግን አራት የተለያየ ነገር ነው የሚለካው፦ በእጅ ጠበኛ መሆንን፣ በአፍ ጠበኛ መሆንን፣ ቁጣን፣ እና ሰውን በክፉ መጠርጠርን። አራቱን ደምረሽ አንድ ቁጥር ካወጣሽ፣ ውስጡ እየነደደ ማንንም ነክቶ የማያውቅ ልጅና ሳይናደድ ሰው የሚደበድብ ልጅ እኩል ነጥብ ይዘው ቁጭ ይላሉ። የእኔ ጥናት ርዕሱ «ጥቃት» ይላል፣ የለካሁት ግን ግማሹ ንዴት ነበር። አማካሪዬ «ከእነዚህ ልጆች ስንቱ ሰው መቷል?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ድርጊቱን ለብቻው ጠይቂ። «ባለፉት 12 ወራት ስንት ጊዜ ተደባድበሃል?» በይ። የዓለም ጤና ድርጅት የተማሪዎች ጥናትም የሚጠይቀው በዚሁ የጊዜ ገደብ ነው። ስድብን ግን ለ12 ወር አትጠይቂ፣ ማን ቆጥሮት! ለእሱ 30 ቀን ይበቃል። ደግሞ «ተደባደብኩ» ያለ ሁሉ አጥቂ አይደለም፤ ተመትቶ ራሱን የተከላከለውም ያንኑ ነው የሚመልሰው። ማን ጀመረ፣ የተጎዳ ሰው አለ ወይ፣ በባዶ እጅ ነው ወይስ በመሣሪያ፣ ሁሉንም ለየብቻ ጠይቂ። በሙከራው ጊዜ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ከወንድሜ ጋርስ ይቆጠራል?» አለኝ። ቀድሜ አስቤበት አላውቅም ነበር። አንቺ ከአሁኑ ወስኚና መጠይቁ ላይ ጻፊው።

ሌላው ቦታው ነው። እኔ ወረቀቱን ሳስሞላ አስተማሪያቸው በረድፎቹ መሀል ይዞር ነበር፣ እኔም ሞኙ ዝም አልኩ። ከዚያ ክፍል የመጣው መልስ በሙሉ ማለት ይቻላል «አንድም ጊዜ» ሆነ፤ የመላእክት ክፍል ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ኮምፒውተር ላይ የመለሱ ወጣት ወንዶች፣ ወረቀት ከሞሉት ይልቅ ጥቃት መፈጸማቸውን በብዛት ተናግረዋል። ኮምፒውተር ባይኖርሽ እንኳ አስተማሪው ይውጣ፣ ስም አይጻፍ፣ ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ይመለስ።

በተቃራኒው ለቀልድ ሁሉንም «12 ጊዜና ከዚያ በላይ» የሚሉም አሉ። እርስ በርስ የሚጣረሱ መልሶችን ፈልገሽ ለያቸው።

የፖሊስ መዝገብ እጠቀማለሁ ያልሽው ለማነጻጸሪያ ይሁን እንጂ ብቻውን አይሆንም፤ እዚያ የሚገኘው ለፖሊስ የደረሰው ጉዳይ ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ልጅ መጠይቁ ላይ «እገሌን እገድለዋለሁ» ብሎ ቢጽፍስ? ለማን እንደምትናገሪ ከአማካሪሽ ጋር ሳትስማሚ አንድም ወረቀት እንዳትበትኚ።

ጥያቄዎቹን ስታረቅቂ እዚሁ ለጥፊያቸው፣ አብረን እናያቸዋለን።