«ለእናቴ ሰራተኛ ቀጠርኩላት» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ አዛውንቶች ስፖርት ከጻፍኩ በኋላ መልእክቱ ጎርፏል፤ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሀይቅ፣ ከወልዲያ፣ አንዳንዱ ደሞ ከአረብ አገር። ረጅሙን አሳጥሬ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌ አቅርቤዋለሁ። አንዱ ግን ቀን የሚሰጥ ስላልሆነ በሱ እጀምራለሁ።

ከደሴ፣ የ61 ዓመት ሰው። ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይጨመድዳቸዋል፣ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። ሰፈር ውስጥ «ጨጓራ ነው» ተብለው ተልባ እየጠጡ ነው። ስፖርት ልጀምር ወይ ይላሉ።

ጋሼ፣ አይጀምሩ። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይሂዱ። ጨጓራ ከዳገት ጋር ቀጠሮ የለውም፤ ሲወጡ ይዞ ሲቆሙ የሚለቅ የደረት ህመም የልብ ደም ስር ጥበት ሊሆን ይችላል። ሀኪሙ ጋ ሲገቡ «ደረቴን ያመኛል» ብቻ ብለው እንዳይወጡ፣ ዳገት ሲወጡ እንደሚይዝዎት፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ እንደሚለቅዎት ይንገሩት፤ ቁጭ ብለው የሚነሳ ኢሲጂ (የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣው ምርመራ) ደህና መስሎ ሊወጣ ይችላልና ዋናው ምርመራ የእርስዎ ንግግር ነው። ተቀምጠው እያሉ ከያዘዎትና አልለቅ ካለ፣ ወይ ላብና ማቅለሽለሽ ከመጣ፣ ወይ ወደ ግራ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ሌሊትም ቢሆን አይደር። ስፖርቱ የትም አይሄድም፣ ሀኪሙ ሲፈቅድልዎ ይጻፉልኝና አብረን እንጀምራለን።

ጠዋት ይሻላል ማታ?

በሚመችዎ ሰአት። ባቲና ከሚሴ ያላችሁ ብቻ ፀሀይዋ ሳትከር ጨርሱ።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ 68 ዓመታቸው። በየቀኑ ደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እስከ ፒያሳ በእግር ሄደው ይመለሳሉ፣ መንገድ ላይ ከወዳጆቻቸው ጋር ቆም እያሉ። ይሄ አይበቃም ወይ?

መምህር፣ በጣም ጥሩ እያደረጉ ነው፣ እንዳይተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ ከታች ያሉት ዓመቶችም እንደዛው) ለትልቅ ሰውም ለወጣቱም ያለው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ የእርስዎ መንገድ ይሄን ይሞላል። መካከለኛ የሚባለው እየሄዱ ማውራት የሚችሉበት ግን መዝፈን የሚያቅትዎት ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ ሰላምታውን ሲመለሱ ያድርጉት፣ ሲሄዱ ግን ጠንከር ብለው ይሂዱ። ለልብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የአውቶቡስ ሰራተኞች ተጠንተው ነበር፤ ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ላይ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ያነሰ የልብ በሽታ ተገኘባቸው።

ግን የዚሁ መመሪያ ቀጣዩን ክፍል ብዙ ሰው አያነበውም። ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን፣ ከ65 በላይ ለሆነ ሰው ደሞ ሚዛን የሚያስጠብቅ ስራ በሳምንት 3 ቀን ይላል፣ እግር መንገድ እነዚህን ሁለቱን በደንብ አይሰጥም። ሚዛኑ ቀላል ነው፤ ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር ቆመው 10 ሰከንድ፣ ከዛ በሌላው፣ ከዛ ተረከዝዎን ከሌላው እግር ጣት እያስነኩ በቀጭን መስመር መራመድ። የጡንቻውን ቀጥሎ ያለው ላይ ያንብቡት፣ እርስዎንም ይመለከታል።

ጅዳ ያለች እህታችን፦ እናቷ ሀይቅ አካባቢ ናቸው፣ 71 ዓመታቸው፣ እድሜ ልካቸውን ውሃ ሲቀዱ እንጨት ሲለቅሙ የኖሩ። ሰርታ ቤት ሰራችላቸው፣ ሶፋ ገዛችላቸው፣ ሰራተኛ ቀጠረችላቸው፣ «እማ ከእንግዲህ እረፊ» አለቻቸው። አሁን ከሶፋው ብቻቸውን መነሳት አቅቷቸዋል፣ ሶላትም ወንበር ላይ ሆኗል። ሀኪም አይቷቸው የተለየ በሽታ አላገኘም። «ምን መድሃኒት ልላክላት?»

እህቴ፣ ያደረግሽው ሁሉ ከፍቅር ነው፣ ማንም ይሄን እንዳይወቅስሽ። ግን የምትልኪው መድሃኒት የለም። እንጨቱና ውሃው መቅረቱ ደግ ነው፣ እናትሽን የጎዳቸው በሱ ፋንታ ምንም አለመተካቱ ነው። ሰው ከ30 ዓመቱ በኋላ በየአስር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ጡንቻ ያጣል፣ ከ60 በኋላ ይፈጥናል፣ ቁጭ ብሎ ለሚውል ደሞ ይብስበታል።

ይሄ የአንቺ ቤት ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ ትንሽ ልናገር። እኛ ወሎ ላይ ትልቅ ሰው ማክበር እናውቅበታለን፣ ገና ብድግ ሊሉ ሲሉ «ኧረ ይቀመጡ እኔ አመጣለሁ» እንላለን፣ ውሃው ይመጣላቸዋል፣ ጫማው ይቀርብላቸዋል፣ እጃቸውን እንኳ ባሉበት እናስታጥባቸዋለን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ ሲነሱ ሲቀመጡ የነበሩ ሴት ለሶላትና ለመጸዳጃ ብቻ ይነሳሉ፣ ከዛ ለሱም ሰው ይደግፋቸዋል፣ ከዛ ደሞ «እርጅና ነው ምን ይደረጋል» ይባላል። እርጅና ብቻ አይደለም! ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ፣ ልጅ እናቱን እየወደደ እግሯን ሲያስራት፣ ባየሁት ቁጥር ነው የምቆጨው። ክብሩ ይቅር አልልም። ግን ሽማግሌ አባታችሁ ራሳቸው ተነስተው ኩባያቸውን ሲያመጡ እናንተ ተቀመጡ፣ ነውር የለውም።

አሁን ወደ እናትሽ። በቪዲዮ ስትደውይ ከሶፋው እንዲነሱ ጠይቂያቸውና በደንብ እይ። ወደፊት ይወዛወዛሉ፣ አንድ እጃቸው የሶፋውን ክንድ ይይዛል፣ ሌላው ጉልበታቸውን ይገፋል፣ «ቢስሚላ» ብለው እስከ ግማሽ ወጥተው ተመልሰው ዘፍ ይላሉ። ዘፍ ያደረጋቸው የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ መድከም ነው፣ ሶፋው ለስላሳና ዝቅ ያለ መሆኑ ደሞ ያብሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠንካራ የእንጨት ወንበር ይምጣና ግድግዳ ላይ ይደገፍ። ቁመቱ አነስ ካለ የታጠፈ ጋቢ ይነጠፍበት። እግራቸውን ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረታቸውን ወደፊት ዘንበል አድርገው አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ ሲደርስ ይነሱ፣ መጀመሪያ እጃቸውን ቢጠቀሙም ችግር የለም። ሲቀመጡ ግን እስከ ሶስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ጡንቻ የሚሰራው እዛ ላይ ነው። 5 ጊዜ፣ አርፈው ሌላ 5፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ሲቀል ጋቢው ይነሳ፣ ከዛ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ይሞክሩ።

ሰራተኛዋን አታሰናብቻት፣ ስራዋን ግን ቀይሪው። አጠገባቸው ትቁም፣ እንዳይወድቁ ትጠብቃቸው፣ ክንዳቸውን ይዛ አትጎትታቸው።

መለኪያም አለው። በ30 ሰከንድ ውስጥ እጅ ሳይጠቀሙ ስንት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ይነሳሉ? በሳቸው እድሜ ላለች ሴት ከ10 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ ይባላል። አሁን ዜሮ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጪ፤ በ1990 ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ እድሜያቸው 90 አካባቢ የሆኑ ደካማ ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት የማንሳት ስፖርት ሰሩ፣ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። እናትሽ ከነሱ አንጻር ልጅ ናቸው።

ምግቡንም እይ። ሻይ በዳቦ ብቻ እየበሉ ጡንቻ አይመጣም፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ምስር፣ ሽሮ በየማእዱ ይኑር። የሶላቱን ጉዳይ ኢማማቸውን ይጠይቁ፣ እኔ የማወራው ስለ እግራቸው ነው፣ ግን ከመሬት መነሳት ኋላ ላይ የምንደርስበት ግብ ይሁን። ድክመቱ በድንገት ከባሰ፣ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ ወይ ክብደታቸው እየቀነሰ ከሄደ ወንበሩን ትታችሁ እንደገና ሀኪም ጋ ውሰዷቸው።

ከወልዲያ፣ 66 ዓመት። ጉልበታቸው ይንቋቋል፣ ቁልቁለት ያማቸዋል፣ «ቅባቱ አልቋል» ተብለዋል። ልረፍ?

እትዬ፣ አይረፉ። ሳያም የሚንቋቋ ጉልበት ምንም አይደለም፤ የሚያም ጉልበት ደሞ ጭኑ ሲጠነክር ይቀለዋል፣ ሲያርፍ ጭኑ ይከሳና ይብስበታል። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው 5 ሰከንድ ይያዙ፣ በየእግሩ 10 ጊዜ። ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ፣ ከዘራ ከያዙ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዙት (ሁሉም ሰው በተሳሳተው እጅ ነው የሚይዘው)። ክብደት ካለብዎ እያንዳንዱ የቀነሱት ኪሎ በየእርምጃው ጉልበትዎ ላይ ወደ 4 ኪሎ የሚሆን ጫና ያነሳል። እየሰሩ ትንሽ ቢያምዎትና በማግስቱ ቢለቅዎት ይቀጥሉ። ካበጠ፣ ከጋለ፣ ወይ ተቆልፎ አልታጠፍ ካለ ሀኪም ይየው። ፊዚዮቴራፒ ካገኙም መልካም።

ከኮምቦልቻ፣ የ64 ዓመት አባት። የስኳር ህመምተኛ ናቸው፣ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ ሲሄዱ አንዳንዴ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ያልባቸዋል። ረመዳን ሲመጣስ?

አባባ፣ ያ ማንቀጥቀጥና ላብ ስኳርዎ መውረዱ ነው፣ በቀላሉ እንዳያዩት። ይሄ መድሃኒት በሉም አልበሉም ቆሽትዎ ኢንሱሊን እንዲያወጣ ይገፋዋል፣ እግርዎ ደሞ ሲሄድ ስኳሩን ይጠቀመዋል፣ ሁለቱ ባዶ ሆድ ላይ ሲገናኙ ሰው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከእንግዲህ ቁርስ በልተው ይሂዱ። መለኪያ ካለዎት ከመውጣትዎ በፊት ይለኩ፣ ከ100 በታች ከሆነ መጀመሪያ ይብሉ። ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ይኑር። ሲያንቀጠቅጥዎ ወዲያው ይቁሙ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ። ኮንጎ ጫማ አድርገው አይሂዱ፣ ማታ ማታ የውስጥ እግርዎን ይመልከቱ፣ የስኳር ሰው ቁስሉ ላይሰማው ይችላል።

ስለ ጾሙ ግን ከኔ መልስ አይጠብቁ፣ ከጎረቤትም አይቀበሉ። ረመዳንም ይሁን ሁዳዴ፣ መጾም ይችላሉ ወይ፣ መድሃኒቱ ይቀየር ወይ፣ ሰአቱስ የሚለውን የሚወስነው የሚከታተልዎ ሀኪም ነው፣ ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብለው ይሂዱ። መጠኑን በራስዎ እንዳይቀንሱ። አደራ።

ቆመውበት የሚያንቀጠቅጥ ማሽን ቦርጭ ያጠፋል?

አያጠፋም። በብሩ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ይግዙ።

የ74 ዓመት እናት፦ «በዚህ እድሜ ሱሪ ለብሼ ስዘል ሰው አይስቅብኝም?»

እማማ፣ ሱሪም ዝላይም የለበትም። ቀሚስዎን እንደለበሱ ቤትዎ ውስጥ ነው። ጎረቤቶችዎ ቡና ሲመጡ አቦል ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ ሁላችሁም ከወንበራችሁ 10 ጊዜ ተነሱ ተቀመጡ፣ በረካው እስኪደርስ ደሞ ወንበሩን ይዛችሁ በእግር ጣታችሁ 10 ጊዜ ቁሙ። ረከቦቱንና ከሰሉን ብቻ ራቅ አድርጉት። የደም ብዛት መድሃኒት የምትወስዱ ስትነሱ ካዞራችሁ ቁጭ በሉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ለሀኪሙ ንገሩት።

ስትጽፉልኝ እድሜያችሁንና የምትወስዱትን መድሃኒት ስም አትርሱ፣ ያለሱ የመጡትን ሶስት ጥያቄዎች መመለስ አልቻልኩም።