የደብሊን ቅቅል በስሎው ኩከር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው ጊዜ ስለ ኮድል ሁለት መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። «ምንድን ነው እሱ?» ለምትሉ፣ ኮድል የደብሊን ሰው የብርድ ቀን ምግብ ነው። ቋሊማ፣ ቤከን (በጨው የታሸ የአሳማ ሥጋ)፣ ድንችና ሽንኩርት መረቅ ውስጥ ቀስ ብለው ይበስላሉ። አለቀ። በበግ ሥጋ ከሚሠራው የአየርላንድ ወጥ ጋር እንዳታምታቱት። ስሙ ራሱ ሳያንተከትኩ በቀስታ መቀቀል ማለት ነው። እኔ ቤቴ ውስጥ «የደብሊን ቅቅል» ነው የምለው።

መጠኑን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ አስቀድሜ ልገላገለው። ለ4 ሰው 8 ቋሊማ (450 ግራም ገደማ)፣ 250 ግራም ቤከን፣ 1 ኪሎ ድንች፣ 2 ትልልቅ ሽንኩርት፣ ግማሽ ሊትር ትኩስ መረቅ፣ አንድ እፍኝ ፓርስሊ፣ ደህና አድርጎ ቁንዶ በርበሬ። ስሎው ኩከሩ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስለው ድስት ውስጥ፣ ሽንኩርትና ድንቹ ከታች፣ ሥጋው ከላይ። መረቁን ጨምሩና ክደኑት። «ሎው» (ዝቅተኛው ሙቀት) ላይ ከ7 እስከ 8 ሰዓት፣ «ሃይ» (ከፍተኛው) ላይ ከ4 እስከ 5 ሰዓት። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ቀምሳችሁ። ቤከኑ ራሱ ጨው ነው።

«ደብሊን ነርስ ነኝ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኮድል ሠርታ አመጣችልን። ቋሊማው ነጣ ብሎ ጥሬ ይመስላል። እንዳላሳፍራት ድንቹን ብቻ በላሁ። እውነት በስሎ ነው?»

በስሎ ነው እህቴ። ድንቹን ብቻ መብላትሽን ግን አይታለች፤ አትጠራጠሪ።

ቋሊማ ቡናማ የሚሆነው መጥበሻ ላይ ነው። ያ ቀለም እንዲመጣ ሙቀቱ 140 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። ውሃ ደግሞ ከ100 አያልፍም። ስለዚህ ኮድል ውስጥ ያለ ቋሊማ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀልም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ደብሊኖች ራሳቸው ይቀልዱበታል። ይቀልዱና ይበሉታል።

እኔም መጀመሪያ ሰሞን ላሻሽለው ብዬ ነበር። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት ሊያሳዩኝ መጥተው፣ መጥበሻ ሳወጣ ሲያዩ «ምን ልታደርጊበት ነው?» አሉኝ። ለእሳቸው ቋሊማ ጠብሶ ኮድል ውስጥ መክተት ለእኛ ቅቅል ላይ በርበሬ እንደ መነስነስ ነው። እኛ ደግሞ ሽንኩርት ካላቁላላን ምግብ የጀመርን አይመስለንም። እዚህ ግን ሽንኩርቱ እንኳ አይቁላላም። ጥሬውን ይገባል፣ ቀልጦ መረቁን ያጣፍጣል። የምግቡ ባሕርይ ይሄ ነው፤ ለዚህም ነው ስሎው ኩከር የሚስማማው። ሁለቱም ሰው እንዲነካካቸው አይፈልጉም።

ልጆቼ አይበሉልኝም ካልሽ ቋሊማውን 5 ደቂቃ መጥበሻ ላይ አገላብጠሽ ጨምሪው። ጠበኛ አይደለሁም። መብሰሉን ግን በቀለም አትለኪ። የተፈጨ ሥጋ ስለሆነ ባክቴሪያው ውጭው ላይ ብቻ አይቀርም፣ መሃል ድረስ ይገባል። ቴርሞሜትር ካለሽ መሃሉ ላይ ውጊው። ለበሬ፣ ለበግና ለአሳማ 71 ዲግሪ፣ ለዶሮና ለቱርክ 74 ዲግሪ።

«ልጄ፣ እኛ የአሳማ ሥጋ በቤታችን አይገባም። የልጅ ልጆቼ ግን ትምህርት ቤት ሰምተው ኮድል ሥሪልን አሉኝ። በምን ልተካው?»

እማማ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የእርስዎ ነው። ቋሊማው ይቀላል። የበሬ፣ የበግ ወይም የዶሮ ይሆናል። ደብሊን ከሆኑ ሳውዝ ሰርኩላር መንገድ መስጊዱ አካባቢ ያገኛሉ። በእርዱ ምክንያት ከሐላል ሥጋ ቤት የማይገዙ ከሆነ ደግሞ ተራው ሥጋ ቤት የበሬ ቋሊማ ይኖረው እንደሆነ ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። «የበሬ» ወይም «የዶሮ» የሚል ተጽፎበት ከውጭ የተጠቀለለበት አንጀት የአሳማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጀርባውን ያስነብቡ። ሥጋ ቤት ከሆነ በግልጽ ይጠይቁ። «የበሬ ኮላጅን» የሚል ከሆነ ሰላም ነው።

አስቸጋሪው ቤከኑ ነው። ቤከን ኮድል ውስጥ ሦስት ሥራ አለው፦ ጨው፣ ስብ፣ የጭስ ሽታ። እሱን አውጥተው ዝም ካሉ መረቁ የታመመ ሰው ሾርባ ይሆናል። እኔ የሞከርኩት በጭስ የተዘጋጀ የቱርክ ሥጋ ነው፤ ጥሩ ይወጣል። አንድ ጊዜ ቱርኩ ጠፍቶ በጨው ብቻ የተሠራ ቋንጣ እፍኝ የማትሞላ ጣል አደረግሁበት። ከቱርኩ ይበልጥ ወደድኩት! አዋዜ የነካው ቋንጣ ግን አይሆንም። ስቡን ለመተካት በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ። የተነጠረውን የእኛን ቅቤ አይጨምሩ፤ ኮረሪማው ምግቡን ይወርሰዋል።

«ወንደላጤ ነኝ። ትንሽ ነፍስ እንዲዘራ ብዬ ቲማቲምና በርበሬ ጨመርኩበት። 8 ሰዓት ቆይቶ ድንቹ አሁንም ድንጋይ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?»

ማሽኑ ደህና ነው። ጥፋተኛው ቲማቲሙ ነው። ቲማቲም አሲድ አለው። አሲድ ደግሞ ድንቹን አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባል ነገር እንዳይሟሟ ያደርገዋል። ድስት ላይ ቢሆን እሳት ጨምረህ ታሸንፈው ነበር፤ ስሎው ኩከር ግን ያን ያህል ጉልበት የለውም። ካልቀረልህ ድንቹ ከበሰለ በኋላ፣ መጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ላይ ጨምረው። በርበሬውም ሳይቁላላ እንዲሁ ከገባ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ እሱን ለብቻ በዘይት አብስለህ አምጣው። ያኔ ግን የሠራኸው ወጥ ነው። ጥሩ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ ኮድል ግን አትበለኝ። ደብሊኖች ካሮት በገባበት እንኳ ይጣላሉ።

«መረቁ ውሃ ውሃ አለብኝ።»

ክዳኑ ተዘግቶ ስለሚውል እንፋሎቱ አይወጣም፤ ተመልሶ እዚያው ይንጠባጠባል። ከድስቱ ልማድሽ ላይ ሲሶውን ቀንሺ። ድንቹን ብቻ ይሸፍን። ወይም አንድ እፍኝ የተፈተገ ገብስ ጨምሪ፤ ያንዳንድ ሰው ኮድል ገብስ አለበት፣ ያጠነክረዋል። ደግሞ እየከፈትሽ አትዪው! አንድ ጊዜ በከፈትሽ ቁጥር የሄደውን ሙቀት ለመመለስ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

«የ12 ሰዓት ፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ቋሊማውን ከነበረዶው ጥዬ ብሄድስ?»

አይሆንም። በረዶ የሆነ ሥጋ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ለሰዓታት ይንቀራፈፋል። ባክቴሪያ የሚራባው እዚያ ላይ ነው። ከማታው ፍሪጅ ውስጥ አቅልጠው። ድንቹንም ማታ ልጠህ ውሃ ውስጥ አሳድረው፤ አይጠቁርም። ሥጋውን ለብቻው አስቀምጥ። የማሽኑን ሸክላ ግን ከነምግቡ ፍሪጅ አታስገባ፤ ቀዝቃዛ ሸክላ እስኪሞቅ ግማሽ ጠዋት ያልፋል። ለ12 ሰዓት ደግሞ ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ ወደ «ዋርም» (ምግቡን ሙቅ አድርጎ ብቻ ወደሚያቆየው) የሚቀየረውን ዓይነት ግዛ። የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገባ፣ በማግስቱ ምድጃ ላይ አሙቀው። ስሎው ኩከር ለማሞቅ አልተሠራም።

«ለጾም የሚሆን ኮድል አለ?»

የሚገርመው ምግቡ ከጾም ጋር አብሮ ያደገ መሆኑ ነው። ድሮ የአየርላንድ ካቶሊኮች ዓርብ ሥጋ አይበሉም ነበር። ስለዚህ ቤት ውስጥ የቀረው ቋሊማና ቤከን ሐሙስ ማታ ኮድል ሆኖ ያልቃል ይባላል። የሐሙስ ማታን ነገር ለእኛ ማን ያስረዳናል! ለጾሙ ከአትክልት የሚሠራ ቋሊማ አለ። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ብዙ ጊዜ የእንቁላል ነጭ ወይም ወተት አለበት፤ «ቪጋን» የሚለውን ያዢ። ስለሚፈራርስ መጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ላይ ይግባ።

«ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ ጥደን ቅዳሜ ቀን የምንበላው ሐሚን አለን። ኮድልን እንዲሁ ማሳደር እችላለሁ?»

ጥያቄህን ወደድኩት፤ ምክንያቱም ማሽኑ ራሱ የተወለደው ከእናንተ ድስት ነው። አሜሪካዊው አይሁድ ኧርቪንግ ናክሰን ከእናቱ አፍ የሰማው ታሪክ ነበረው። በሊትዌኒያ ዓርብ ማታ ድስቱ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ገብቶ ያድራል። እሳቱ እየከሰመ ሲሄድ ሾለንት የሚሉት የሰንበት ምግብ ቀስ ብሎ ይበስላል። ናክሰን ይህን ይዞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ድስት ፈለሰፈ፤ የፈጠራ መብቱን በ1940 አገኘ። በኋላ ሌላ ኩባንያ ገዛውና በ1971 ክሮክ ፖት ብሎ ገበያ አወጣው።

ማሳደሩ ይቻላል፣ ግን ለውጥ ይፈልጋል። ድንቹ ሳይቆረጥ ሙሉውን ይግባ። ገብስ ጨምር፣ መረቁንም አብዛ፤ ገብስ ይጠጣል። ቋሊማው የበሬ ይሁን፤ ይፈነዳል፣ ግን አይከፋም። ለእማማ የመከርኩትን ቅቤ አንተ እለፈው፤ ሥጋና ወተት እናንተ ጋ አይገናኙም።

«አዲስ አበባ ነኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ስሎው ኩከር ላከልኝ። ሰክቼ ልጀምር?»

እንዳትሰኪው! ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። የአሜሪካው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ የእኛ 220 ነው። እንዲሁ ከሰካሽው የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆንና ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል። ብዙዎቹ ማሽኖች ከ200 እስከ 300 ዋት ስለሆኑ የ500 ዋቱ ይበቃል። ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ድንቹን ቀጭን ቀጭን አድርገሽ ቁረጪ፣ አንድ ሰዓትም ጨምሪለት።

መብራት ከሄደስ? እቤት ካለሽ ወዲያው ወደ ጋዝ ወይም ወደ ከሰል አዛውሪው። ወጥተሽ ስትመለሺ መሄዱን ካወቅሽና መቼ እንደሄደ ካላወቅሽ ግን፣ ቢያሳዝንም ይደፋ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለኮድል ማሽኑ ግዴታ አይደለም። ወፍራም ድስት፣ የመጨረሻዋ ትንሽ እሳት፣ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት።

«በእንጀራ ይበላል?»

በላሁት፣ አልተስማማኝም። መረቁ ቀጭን ነው፣ እንጀራውን ያላሽቀዋል። የእሱ ጓደኛ የሶዳ ዳቦ ነው። እርሾ የለውም። 450 ግራም ዱቄት፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጨው፣ ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር በተርሚልክ። በተርሚልክ ማለት የእኛው አሬራ ነው በሉት፤ የአሬራው ኮምጣጣነት ሶዳውን ቀስቅሶ ዳቦውን ያነሳዋል። ብዙ አትለውሱት፤ ከታሸ ይጠጥራል። ክብ አድርጋችሁ ከላይ በቢላ መስቀል ሥሩበት፣ በጥልቀት። 200 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ ያህል። ሥሩን አንኳኩታችሁ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። በዚያው ቀን ጨርሱት፤ በማግስቱ ይደርቃል።