ለሞምባሳው ጉዞ የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኛል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ነው የምኖረው። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቼን ባሕር ላሳያቸው ብዬ፣ እዚሁ ቢሮ ላለው የጉዞ ወኪል 60 ሺህ ብር ከፈልኩ። የተስማማነው ነሐሴ ላይ፣ ሞምባሳ ንያሊ፣ ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል ነው። 9 ቀን ሲቀረን በቴሌግራም «ሲዝን ስለሆነ ሞልቷል፤ መሃል ከተማ ሌላ ሆቴል ይዘንላችኋል» አሉኝ። አልፈልግም ስላቸው «የአገልግሎት» ብለው 15 ሺህ ቆርጠው ሊመልሱልኝ ነው። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደረሰኝዎን ያውጡ። «ቀብድ» ይላል ወይስ «ቅድመ ክፍያ»? በአፋችን ሁለቱንም ቀብድ እንላለን። ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ልዩነቱ የብዙ ሺህ ብር ነው።

ቀብድ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌላችሁ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ይገዛዋል። ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ በእርስዎ 120 ሺህ ማለት ነው። ቅድመ ክፍያ ከሆነ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። የከፈሉትን በሙሉ፣ የደረሰብዎትን ኪሳራ በማስረጃ ጨምረው ይጠይቃሉ። 15 ሺው በውላችሁ ካልተጻፈ ከየት እንደመጣ እኔም አልገባኝም።

ወኪሉ «ሲዝኑ ከአቅም በላይ ሆነብን» ማለቱ አይቀርም። በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሚባለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ውሉን ፈጽሞ እንዳይፈጸም የሚያደርግ ነገር ነው። ነሐሴ ላይ የኬንያም ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ፈረንጁም እረፍት ይወጣል። ሥራው ጉዞ የሆነ ሰው ይህን አላውቅም ማለቱ፣ በጥምቀት ጎንደር ላይ አልጋ ይጠፋል ብዬ አላሰብኩም እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ክርክር ብልጠት አለበት። «አልሰረዝንም፣ ቀየርን እንጂ። ሞምባሳ ራሷ ደሴት ናት፣ የትም ቢያድሩ ባሕር ቅርብ ነው» ይላሉ። ደሴትነቷ እውነት ነው። ንያሊ ግን ከደሴቲቱ በስተሰሜን፣ ድልድዩን ተሻግሮ ያለ አሸዋማ ዳርቻ ነው። ጎርጎራ ጣና ዳር ብሎ ተዋውሎ አዘዞ የሚያሳድር ሰው ቀየርኩ ቢል ማን ይሰማዋል? ባሕሩ ዳር መሆኑ ባይኖር ኖሮ እርስዎ ይህን ውል አይገቡም ነበር። እንዲህ ያለው መሠረታዊ ቃል ሲፈርስ በቁጥር 1785 ውሉን ማሰረዝ ይቻላል።

አሁን የቴሌግራሙን መልእክት እንዳያጠፉት። ስክሪንሾት ያድርጉት፣ ያትሙትም። ቀነ ገደብ ያለው ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡና አንዱን ቅጂ አስፈርመው ያስቀሩ። እምቢ ካሉ ወረዳ ፍርድ ቤት ይክሰሱ። ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ቢሆን እንኳ፣ ውሉ የተደረገው ጎንደር ስለሆነ እዚሁ መክሰስ ይችላሉ።

አንድ ነገር ብቻ፦ 45 ሺውን ሲሰጡዎት የሚያስፈርሙዎትን ወረቀት በደንብ ያንብቡ። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ካለበት አይፈርሙ። ፈርመው ከመጡ ብዙም አልረዳዎትም።