መልስ፦ ከጄኔቭ ተነስቼ የተራራ ሳይክል የት ልጀምር?

ወንድሜ፣ የፊት ሾክ ብቻ ያላት ሳይክል ገዝተህ "የመጀመሪያ ቀኔን ሞርዚን ላርገው ወይስ ሻምፔሪ?" ብለሃል። ሁለቱንም ተዋቸውና ሌ ዤ ሂድ።

ሦስቱም መንደሮች ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ በተዘረጋው፣ ፖርት ዱ ሶሌይ በሚባለው የስኪና የተራራ ሳይክል አካባቢ ውስጥ ናቸው። ሻምፔሪ ግን ለጀማሪ አይሆንም። የእ.ኤ.አ. 2011 የተራራ ሳይክል የዓለም ሻምፒዮና የቁልቁለት ውድድር የተካሄደው እዛ ነው፤ መንገድ ከምለው ገደል ብለው ይቀለኛል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ የዛፉ ሥር ሁሉ ሳሙና ነው።

ሌ ዤም በ2004 እና በ2022 ሻምፒዮናውን አስተናግዷል፣ እሱ አያስፈራህ። ሻቫን በሚባለው የተራራ ጎን በሊፍት ውጣ። ፊት ለፊቱ ያለው ሞን ሼሪ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጊዜው እርሳው። መንገዶቹ እንደ ስኪው በቀለም ነው የተለዩት፤ አረንጓዴ በጣም ቀላሉ፣ ከዛ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ግማሽ ቀን አረንጓዴው ላይ ብቻ ዋል። ሕፃናት ቢያልፉህ አትፈር፣ እኔን አንዲት ስምንት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጥላኝ ሄዳለች።

ዋናው ነገር ፍሬን ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ከላይ እስከ ታች ጨብጬ ወርጄ፣ ታች ስደርስ ዲስኩ ይሸታል፣ ማታ ደግሞ ጣቶቼ ሹካ መያዝ አቃታቸው። ከመታጠፊያው በፊት ያዝ፣ ከዛ ልቀቅ።

ሊፍቶቹ ለሳይክል የሚሠሩት በዋናነት ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው። ፊት የሚሸፍን ሄልሜትና የጉልበት መከላከያ እዛው ይከራያል። እንደውም ሳይክልህን ቤት ትተህ ኋላም ሾክ ያለው ብትከራይ ወገብህ ያመሰግንሃል።