ቅዳሜ በእንጨት ሥራ ቤት፦ ኦቲዝም ላለባቸው ወጣቶች ወላጆች ጥያቄና መልስ

አናጢው፦ ለገጣፎ አካባቢ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ከወላጆቻቸው ጋር ይሠራሉ። የእኔም ልጅ አንዱ ነው። የልጃችሁን ዕድሜ፣ የሚረብሸውን ድምፅና እጁ የለመደውን ሥራ ጽፋችሁ ጠይቁኝ።

እናት ከየካ አባዶ፦ ጋሼ፣ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ አይናገርም። የድስት ክዳን ሲወድቅ ጆሮውን ይይዛል። ምስር ስለቅም ግን አብሮኝ ይለቅማል፤ አንድ ጠጠር አያመልጠውም። በምን ይጀምር?

አናጢው፦ እህቴ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ምስር የሚለቅም እጅ ብርጭቆ ወረቀት አይከብደውም። ከመጨረሻው ይጀምር። የበርጩማውን መቀመጫ ቆርጬ፣ ልጌ፣ እግሩን ገጥሜ አቆይለታለሁ። ሻካራውን 80 ቁጥር ወረቀት እኔ፣ 120ውን አብረን፣ ለስላሳውን 180 እሱ ብቻውን የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ያሸዋል። እሱ እጁን ሲያነሳ በርጩማው አልቋል፤ እዚያው ይቀመጥበታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እግሩን በኮላ መግጠም እጨምርለታለሁ፤ እንዲህ ወደ ኋላ እየሄድን መጋዙ ላይ እንደርሳለን። ከመጋዝ የጀመረ ልጅ የሚያየው የተቆረጠ እንጨት ብቻ ነው፤ በርጩማው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። የሥራውን ደረጃ በሙሉ ፎቶ አንስተሽ አሳትሚና በተራ ግድግዳ ላይ ለጥፊለት፤ የጨረሰውን ራሱ ይገልብጠው።

ደግሞ አቧራው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ጭምብል ካልወደደ ደጅ ነፋስ ባለበት ይሥራ፤ ሰጋቱራውንም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አታንሺ።

አባት ከቡራዩ፦ ለቤት የትኛውን ማሽን ልግዛ?

አናጢው፦ ምንም አትግዛ። የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ እንጨቱን አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ፣ ማዕዘን የሚለካ ስኳድራ ይበቃሃል።

አባት ከቡራዩ፦ ግራይንደርማ አለኝ፣ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረው መቁረጫ፤ እሱን ብጠቀምስ?

አናጢው፦ ልጁ ባለበት አይነሳ። ሥራ ሲያበቃ ደግሞ ከሶኬት ይነቀል። መብራት ሲጠፋ ማብሪያው እንደተከፈተ ይቀርና መብራት ሲመጣ ሰው ሳይነካው ይነሳል። በእኔው ቤት ሆኗል። ልጄ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ እጁ ተረፈ፣ ግን ሦስት ወር ያንን በር አልረገጠም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ንቀሉት።

ወጣት ከሰበታ፦ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ምን ዓይነት ሥራ ይጠቅማል?

አናጢው፦ ዕድሜው? ድምፁ? እጁ? ከላይ ጽፌዋለሁ።

አባት ከሱሉልታ፦ ባህር ዛፍ በቅርብ እናገኛለን። ይሆናል?

አባት ከቡራዩ፦ የቤት ዕቃ ከዋንዛ ነው፤ ሌላው ማገዶ ነው።

እናት ከገላን፦ ዋንዛ እኮ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት አራት ዛፎች አንዱ ነበር። ከዝግባ፣ ከኮሶና ከጽድ ጋር።

አባት ከቡራዩ፦ ከገበሬ ጓሮ የተገዛስ?

አናጢው፦ እሱን ለብቻችሁ ተከራከሩ። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት የጨረሰው በርጩማ ተሰንጥቆ አገኘውና ቀኑን ሙሉ ስንጥቁን በጣቱ ሲዳስስ ዋለ። እኔ ለልጆቹ የማቀርበው ዕቃ የሚጫንበትን የእንጨት ፓሌት ፈትቼ ነው። ማህተሙን እዩ፤ ኤች ቲ (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ ኤም ቢ (MB) የሚለው በመርዝ ጋዝ ስለሆነ አይግባ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚባሉትን፣ ከእንጨት ብናኝና ኮላ የተጋገሩ ጣውላዎች፣ አታስሹ፤ ኮላቸው መጥፎ ነው።

እናት ከገላን፦ በእንጨት ሥራ ይድናል?

አናጢው፦ ኦቲዝም የሚታከምና የሚለቅ በሽታ አይደለም። በርጩማ መሥራት ይለምዳል።

አባት ከሱሉልታ፦ እኛ ጸበል ወስደነው ተረጋግቷል።

ወጣት ከሰበታ፦ የእኛ ጎረቤት ጸበል ብለው የልጁን መድኃኒት አስቁመው ነበር።

አባት ከሱሉልታ፦ ጸበሉ ምን አጠፋ?

አናጢው፦ እምነታችሁን አልነካም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን ካቋረጠ ግን መጋዝ አልሰጠውም።

አባት ከቡራዩ፦ ማዕከል እያለ እንጨት ቤት ለምን? ሰው ያያቸዋል እኮ።

አናጢው፦ ይያቸው! ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው በልጇ ምክንያት ነው፤ እነዚህ ልጆች ጓዳ እንዳይቀሩ በአደባባይ ተናግራለች። ልጅ ያድጋል፤ 20 ዓመት ሲሞላውስ የት ይዋል? የእኔ ልጅ የሠራው ረከቦት ላይ ሰፈርተኛው ቡና ይጠጣል። ሰው ሲያየው በስሙ ይጠራዋል። ለዚህ ነው በሩን ወደ መንገዱ የከፈትኩት።

እናት ከየካ አባዶ፦ ጋሼ፣ እሱ ሲሠራ እኔ አጠገቡ ልቁም?

አናጢው፦ አትቁሚ፤ ከላይ የሚያየው ሰው ሲኖር እጁ ይቆማል። ከጎኑ ለአንቺም ሞርሳና ረከቦት አዘጋጃለሁ፤ የራስሽን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ። እሱ አንገቱን አዙሮ ሲያይሽ አትናገሪ፣ ሥራሽን ቀጥዪ።

እናት ከየካ አባዶ፦ ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንምጣ?

አናጢው፦ 3 ሰዓት። ግራይንደሩ ተነቅሎ ይጠብቃችኋል።