ስለ ስተርንሄገን የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ አሜሪካዊቷ የመድረክና የቴሌቪዥን ተዋናይት ፍራንሲስ ስተርንሄገን ከጻፍኩ ወዲህ መልእክት ጎርፎልኛል። አንዳንዱን አሳጥሬ፣ አንዳንዱን ደግሞ ስድቡን አውጥቼ አቀርባለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሴክስ ኤንድ ዘ ሲቲ» የተባለው የቲቪ ድራማ ላይ የሻርሎት አማት ሆና የሠራችው እሷ ናት? አሁንስ አለች?

አዎ፣ አማትየዋን በኒን የሠራችው ራሷ ናት። በኅዳር 2023 በ93 ዓመቷ አርፋለች።

ኤሚ የሚባለውን የቲቪ ሽልማት በልታለች ወይ?

ሦስት ጊዜ ታጨች፤ አልበላችም።

አንድ አንባቢ ተቆጥተዋል። ዕድሜዋን ሙሉ ቲቪ ላይ የሰው እናት ስትሆን ለኖረች ሴት ይሄ ሁሉ ወሬ ምንድን ነው፣ እናት ሁሉ አንድ ነው ይላሉ።

ረጋ ይበሉ ጌታዬ። በቲቪ የታወቀችው በኋላ ነው። ሴትየዋ ብሮድዌይ፣ የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች መድረክ ላይ፣ የወጣችው በ1955 ነው። ቶኒ የተባለውን ትልቁን የቲያትር ሽልማት ሁለት ጊዜ ወስዳለች፤ በ1974 «ዘ ጉድ ዶክተር»፣ በ1995 «ዘ ኤይረስ» ላይ። የመጀመሪያው ጸሐፌ ተውኔቱ ኒል ሳይመን ከሩሲያዊው ደራሲ ከቼኾቭ ታሪኮች የሠራው ነው። ተዋንያኑ በአንድ ምሽት ብዙ ሰው እየሆኑ ይወጣሉ። ልብስ መቀየሩ ቀላል ነው፤ ድምፅና አካሄድ መቀየሩ ነው ሥራው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የ1979ኙ ነው። «ኦን ጎልደን ፖንድ» የተባለው ተውኔት ብሮድዌይ ሲከፈት ኤተልን የተጫወተችው እሷ ናት። ኤተል ወደ 70 የተጠጋች ሚስት ናት፤ ስተርንሄገን ገና 49 ዓመቷ ነበር። ለቶኒ ታጨችበት። በ1981 ወደ ፊልም ሲዞር ሚናው ለካትሪን ሄፕበርን ተሰጠ፤ እሷም አራተኛ ኦስካሯን አገኘችበት። ሄፕበርን አልቻለችም አልልም፤ ግሩም አድርጋ ሠርታዋለች። ግን ፊልም ላይ ብር የሚያፈሰው ሰው ትኬት የሚሸጥ ስም ነው የሚፈልገው። ገጸ ባሕሪውን መጀመሪያ ከወረቀት ያስነሳው ተዋናይ እንደ እኔና እንደ እርስዎ ተሰልፎ ያየዋል። ዛሬ ኤተል ሲባል ሰው የሚያስበው ሄፕበርንን ነው።

ቲቪ ባይኖር እርስዎስ ስተርንሄገንን ከየት ያውቋት ነበር? «ቺርስ» ላይ የፖስተኛው የክሊፍ እናት ናት። «ኢ.አር» ላይ የዶክተር ካርተር ሀብታም አያት፣ «ዘ ክሎዘር» ላይ የብሬንዳ እናት። እናት ሁሉ አንድ ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። በኒ እኮ ፈገግ እያለች ነው የምትናከሰው፤ የብሬንዳ እናት እንዲህ አትሞክርም። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዩና እንደገና ይጻፉልኝ።

ስድስት ልጅ አሳድጋ እንዴት ይሄን ሁሉ ሠራች?

ባሏ ቶማስ ካርሊንም ተዋናይ ነበር፤ በ1991 ነው የሞተው። ቤታቸው ኒው ሮሼል ነበር፤ ከዚያ ብሮድዌይ ወዳለበት ማንሃተን በባቡር ይደረሳል። የቲቪ የእንግዳ ሚና ደግሞ ለእናት ይመቻል፤ ጥቂት ክፍል ቀርጾ ወደ ቤት ነው። የቀረውን ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ትንገራችሁ።

«አማቴ ቁርጥ በኒን ናት፤ ሳታንኳኳ መኝታ ቤት ትገባለች።»

ለባልሽ ንገሪው። አልሰማ ካለ ሽማግሌ ወይም የትዳር አማካሪ አለ። እኔ ስለ ቲያትር ነው የምጽፈው። የበር ቁልፍ ግን ያን ያህል ውድ አይደለም።

የመጨረሻዋ የቲያትር ተማሪ ናት። ሁሌም የአሮጊት ሚና ይሰጧታል። ድምፅዋን እያሻከረች ስትለማመድ ከርማ፣ ይኸው ከወር በላይ ጉሮሮዋ ተዘግቷል። ማርና ዝንጅብል እየጠጣች ነው። የስተርንሄገንን ዘዴ ንገረኝ ትላለች።

እህቴ፣ ዘዴው ይቆይ። ከሦስት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መዘጋት በማርና በዝንጅብል አይታለፍም። የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የድምፅ አውታርሽን በመሣሪያ ይየው። ነገ ዛሬ አትበዪ። ከዳንሽ በኋላ እርጅናውን ጉሮሮሽ ላይ አትፈልጊው፤ ከወንበር አነሳስሽ ላይ ሥሪው። ሐኪሙ ለጊዜው ዝም በዪ ካለሽ ደግሞ ዝም በዪ፤ ልምምድ ላይም ጭምር።